እውነት ወይስ ተረት? ቀስቱ የማን ነው?

አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ማውስ ቀያየሩ። ሦስተኛውን ገዝተው ከነካርቶኑ ካስቀመጡ በኋላ ደወሉልኝ። «የኔ ልጅ፣ ያንተ ፕሮግራም ደህና ነው፤ ማውሱ ነው አልበረክት ያለኝ። ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቱ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ትናንትማ በግምት እየተጫንኩ ነው ስሸጥ የዋልኩት» አሉኝ። አዲሱን ማውስ ሲሰኩ ኮምፒውተሩን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። «አጥፍቼ ነዋ! ደግሞ ሳይጠፋ ይሰካል እንዴ?»

ማስረጃቸው እንከን የማይወጣለት ነው። አሮጌው ተነቀለ፣ አዲሱ ተሰካ፣ ቀስቱ መጣ። በዓይን ከታየ ነገር የሚወለድ ተረት ደግሞ ለመንቀል ከባድ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ፈገግ ለማለት አልደፈርኩም። ደግሞም ኪዩት፣ ጂቲኬ፣ ቲኪንተር በመሳሰሉት ቱልኪቶች፣ ማለትም መስኮቱን፣ በተኑንና የጽሑፍ ሳጥኑን አዘጋጅተው በሚያቀርቡልን የኮድ ስብስቦች የምንሠራ ሰዎች ስለዚያች ቀስት የምናምናቸው ነገሮች ከወይዘሮዋ እምነት ብዙም አይሻሉም። ጥቂቶቹን ልዘርዝር። አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት አምኛቸው ነበር።

«ማውሱ ቦታ ያሳያል፤ ፕሮግራሙ ቀስቱን ይሥላል»

ሁለቱም ተረት ነው። ማውስ የት እንዳለ አያውቅም። የሚልከው «ወደ ቀኝ 3፣ ወደ ላይ 1» ዓይነት የእርምጃ ቁጥር ብቻ ነው። አንስተን ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ላይ ብናስቀምጠው ቀስቱ ካለበት ንቅንቅ የማይለው ለዚህ ነው። ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም የሠሩት የመጀመሪያው የእንጨት ማውስ ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች ነበሩት፤ አንዱ የአግድሙን፣ ሌላው የቁሙን ጉዞ ይለካል። ዛሬ መንኮራኩሩን ብርሃን ተክቶታል፤ ሥራው ግን ያው ጉዞን መለካት ነው። እርምጃዎቹን ደምሮ «ቀስቱ አሁን እዚህ ጋ ነው» የሚለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው።

ሥዕሉም ቢሆን የፕሮግራሙ አይደለም። በአብዛኞቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች ቀስቷ ከዴስክቶፑ ሥዕል ጋር እንኳ አልተቀላቀለችም። የግራፊክስ ካርዱ ብዙ ጊዜ 64 በ64 ፒክስል የሆነች ትንሽ ሥዕል ለብቻዋ ይይዝና፣ ዋናው ሥዕል ወደ ስክሪኑ ሲወጣ በላዩ ላይ ያሳርፋታል። መስታወት ላይ የምትንሸራተት ቁራጭ ወረቀት በሏት፤ እሷ ስትንቀሳቀስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን እንደገና መሣል አያስፈልግም። ሐሳቡም የትናንት አይደለም። የዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1973 የሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒውተር 16 በ16 የሆነች ቀስት ነበረችው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ስህተት ፍለጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያቃጥል ጉዳይ ስላለ ነው። ደንበኛው «ቀስቱ ጠፋብኝ» ብሎ ስክሪንሾት ይልካል፤ እውነትም ሥዕሉ ላይ ቀስት የለም። ግን የዊንዶውስ «ፕሪንት ስክሪን» ቁልፍ ቀስቱ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ኮምፒውተር ላይም ቢሆን አያነሳውም። ቪዲዮ የሚቀርጹ ፕሮግራሞች ደግሞ ቀስቱን ከሲስተሙ ጠይቀው በኋላ ነው የሚለጥፉት፤ ስለዚህ ቪዲዮው ደህና ሆኖ ስክሪኑ የተበላሸበት ጊዜ አለ፤ የተገላቢጦሹም አለ። እኔ አሁን ደንበኛን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስልክዎን ያውጡና ስክሪኑን ከፊት ለፊት ይቅረጹት።

«ቀስቱ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ፕሮግራሙ አልሞተም»

ተረት። ከላይ እንዳየነው ቀስቱን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ ሀንግ አድርጎም ቀስቱ ስክሪኑ ላይ እንደልቡ ይሮጣል። ዊንዶውስ አንድ መስኮት ለ5 ሰከንድ መልእክቶቹን ሳያነብ ከቆየ በቦታው ነጣ ያለ ምስለኔ መስኮት ይተክልና «መልስ አይሰጥም» ብሎ ይጽፍበታል። በማክ ላይ የምትሽከረከረው ባለቀስተ ደመና ክብም እንደዚሁ ናት፤ ፕሮግራሙ አላዘዛትም። ፕሮግራሙ ለጥሪ መልስ እንዳልሰጠ ያየው የመስኮት አገልጋይ ነው ያመጣት።

«ቅርጹን አንዴ ካዘዝኩ አበቃ»

ብዙውን ችግር የሚያመጣው ይህ እምነት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጀማሪ ፕሮግራመር በተኑ ላይ ሲደረስ ቀስቱ ወደ እጅ እንዲለወጥ ይፈልጋል። ማውሱ በተኑ ላይ መድረሱን የሚያይ ኮድ ይጽፍና «እጅ ሁን» ብሎ ያዛል። ዊንዶውስ ላይ ሲሞክረው እጁ ብቅ ይላል፣ ቀስት ይሆናል፣ እንደገና እጅ፣ እንደገና ቀስት፤ ይርገበገባል። ከጎኑ ያለው ጓደኛው «የግራፊክስ ካርድህ ድራይቨር አሮጌ ነው» ይለዋል። በዚህ ምክር ድራይቨር ብቻ ሳይሆን ካርድ የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር ከቀስቱ ሥር ላለው መስኮት «ቅርጹ አሁን ምን ይሁን?» የሚል መልእክት ይልካል። መስኮቱ ራሱ ካልመለሰ ሲስተሙ ያዘጋጀው የተለመደ መልስ ይሰጥለታል። ያም መልስ መስኮቱ መጀመሪያ ሲመዘገብ የተሰጠው ቅርጽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስት። ጀማሪው ሌላ ቦታ ላይ «እጅ» ይላል፣ የተለመደው መልስ «ቀስት» ይላል፤ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ተከራይ። መፍትሔው ጮክ ብሎ ማዘዝ አይደለም፤ ጥያቄው በመጣበት ቦታ መመለስ ነው። ካልሆነም በምዝገባው ላይ የቅርጹን ቦታ ባዶ መተው።

እንግዲህ ቀስቱ የውሰት ዕቃ ነው። ባለቤቱ የመስኮት ሲስተሙ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያስገባው ማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ በየአገሩ ሕግ ይለያያል። ሊኑክስና ዩኒክስ ላይ ለረጅም ጊዜ ባገለገለው ኤክስ11 ሕግ እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቅርጽ ለአገልጋዩ አስመዝግቦ ይቀመጣል፤ አገልጋዩም ፕሮግራሙ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ቃሉን ይጠብቃል። ያላስመዘገበ መስኮት የወላጁን ይወርሳል። ዊንዶውስ ላይ አካሄዱ ወደ ሌላ ነው፤ ልጅ ራሱ ካልመለሰ፣ የተለመደው መልስ የልጁን ቅርጽ ከማውጣቱ በፊት ወላጅን ይጠይቃል፤ ወላጅ «እኔ ጨርሻለሁ» ካለ ልጅ አፉን አይከፍትም። የትኛው ያገሬን ቤት እንደሚመስል አልናገርም። እነ ኪዩትና ጂቲኬ ግን እነዚህን ሁለት የቤተሰብ ሕጎች በአንድ ኮድ ማስታረቅ አለባቸው፤ «ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ዊንዶውስ ላይ እምቢ አለ» የሚባሉት ችግሮች ብዙዎቹ የሚፈለቀቁት ከዚህ ስፌት ላይ ነው።

ከዚያ ዌይላንድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ይህ የኤክስ ተተኪ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ቀስቱ ወደ መስኮትህ ሲገባ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ባንክ ቤት በር ላይ እንደሚቀደደው የተራ ቁጥር። ቅርጽ ለማዘዝ ያንን ቁጥር ይዘህ መቅረብ አለብህ። የቆየ ቁጥር ካቀረብክ ትእዛዝህ በዝምታ ይጣላል፤ የስህተት መልእክት እንኳ አይመጣም። ሲገባ ምንም ካላልክ ደግሞ ምን እንደሚታይ ሕጉ ዋስትና አይሰጥም፤ ከጎረቤት መስኮት የመጣው የጽሑፍ ምልክት እንዳለ ተገትሮ ሊቀር ይችላል። አንድ ሰው ይህን አይቶ «ዌይላንድ ገና አልበሰለም» ቢለኝ ቁጥሩን የት እንዳስቀመጠው አሳየኝ እለዋለሁ።

የመጠኑም ነገር ከዚሁ ይመጣል። ዌይላንድ ላይ ለብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም የቀስቱን ሥዕል ራሱ ከፋይል ጭኖ ነበር የሚያቀርበው። ስለዚህ ቀስቱ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲሻገር ያብጣል ወይ ይኮማተራል፤ አንዱ ፕሮግራም መጠኑን 24፣ ሌላው 48 ብሎ አንብቦታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ተጨማሪ ስምምነት ፕሮግራሙ «እጅ»፣ «ቀስት»፣ «ጠብቅ» ብሎ ስሙን ብቻ እንዲጠራና ሥዕሉን ለሲስተሙ እንዲተው ተፈቀደ። ሲጀመርም እንዲህ ቢሆን ስንት ሌሊት በተረፈ ነበር።

«የተጫነው ቀስቱ ያለበት ቦታ ነው»

የቀስቱ የትኛው ክፍል? ሥዕሉ ለምሳሌ 32 በ32 ካሬ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የምትቆጠረው አንዲት ፒክስል ብቻ ናት። ለቀስት ጫፏ፣ ለመስቀል ምልክት መሐሏ። ሠዓሊው አዲስ ሥዕል ሲያመጣ ያችን ነጥብ ማስተካከል ከተረሳ፣ ወይም ስክሪኑ ወደ 150 በመቶ ሲጎላ ሥዕሉ አድጎ ነጥቧ ባለችበት ከቀረች፣ ተጠቃሚው «አስቀምጥ»ን ነክቶ «ሰርዝ» ይሆንበታል። ማውሱ ላይ ከመፍረድ በፊት ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫና በተመሳሳይ ርቀት መሆኑን ማየት ነው፤ ከሆነ ነጥቧ ናት።

ስለ ጫፍ ካነሳን፣ «ቀስቱ የተጋደመው በድሮ ስክሪኖች ምክንያት ነው» የሚለው እውነት ነው። የኤንግልባርት ቀስት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነበር የምትመለከተው። በእነዚያ ጥቂት ፒክስሎች ላይ ቀጥ ያለች ቀስት ጥርት ብላ ስለማትታይ በፓሎ አልቶ ወደ ግራ አጋደሟት፤ እስከ ዛሬም አልተነሳችም።

«ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፕሮግራሙ ይነገረዋል»

ተረት፤ በሁለት በኩል። ተራ የዩኤስቢ ማውስ በሰከንድ 125 ጊዜ ያህል ሪፖርት ያደርጋል፤ የጌም ማውስ ደግሞ 1000 ጊዜ። ዊንዶውስ ይህን ሁሉ በፕሮግራሙ ደጃፍ አይቆልለውም፤ ፕሮግራሙ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የመጨረሻውን ቦታ ብቻ ይነግረዋል። በማውስ ፊርማ የሚያስፈርም ፕሮግራም ሥራ ሲበዛበት ክቡ «ዐ» ማዕዘን የሚያወጣው መሐል ያሉት ነጥቦች ስለተዋጡ ነው። በሌላ በኩል ማውሱ ሳይነካ «ተንቀሳቀሰ» የሚል መልእክት ይመጣል። ከቀስቱ ሥር ያለው መስኮት ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ዊንዶውስ ቅርጹን ለማስተካከል ሲል ይልከዋል። የፊተኛውንና የኋለኛውን ቦታ ሳያነጻጽር «ሰውየው ተመለሰ» ብሎ የሚደመድም ኮድ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው ያያል።

ኪዩት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የማውሱ በተን ካልተጫነ በቀር የማውስ እንቅስቃሴ ለመስኮቱ ክፍሎች አይነገርም፤ «ተከታተል» ብሎ ማብራት ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ «ኪዩት ማውሴን አያይም» ብሎ ግማሽ ቀን ያላጠፋ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

«ብሬክፖይንት ላይ አቁሜ ባየው እውነቱ ይወጣል»

ለሒሳብ ስህተት ልክ ነው። ለቀስት ግን ተረት ነው፤ አንዳንዴም አደገኛ ተረት።

ፕሮግራሙን በብሬክፖይንት፣ ማለትም ኮዱ መሐል በተተከለ ማቆሚያ፣ ስታቆመው የዲበገሩ (የስህተት መፈለጊያው) መስኮት ከፊት ይመጣል፤ ቀስቱ ከአንተ መስኮት ይወጣል፤ «ወጣ» የሚል መልእክት ወረፋ ይይዛል። ስታስቀጥለው የምታየው ቀድሞ ያልነበረ ታሪክ ነው። እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ቀስቅሶ «ተኝተሃል?» እንደ መጠየቅ።

ኤክስ11 ላይ የባሰ አለ። ሜኑ ሲከፈት ቱልኪቱ ማውሱን ለራሱ ይይዘዋል፤ ከሜኑው ውጭ ቢጫኑ እንኳ እንዲያውቅና እንዲዘጋው። በዚያች ቅጽበት ብሬክፖይንት ላይ ከቆመ የማውሱ መልእክት ሁሉ ወደ ቆመው ፕሮግራም ይሄዳል፤ ዲበገሩን ጨምሮ ማንም አይደርሰውም። ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የለም። እኔ ኮምፒውተሬን ሦስት ጊዜ ከሶኬት ነቅያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 አንድ ላይ ሲጫኑ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁር ገጽ እንደሚመጣና ፕሮግራሙን ከዚያ መግደል እንደሚቻል የተማርኩት። የኪዩት ሰዎች ነገሩ ስለመረራቸው «ማውስ አትያዝ» የሚል ማስጀመሪያ አማራጭ አስገቡ፤ ሊኑክስ ላይ በዲበገር ሥር መሮጡን ሲያውቅም ራሱ ያበራዋል። ይህ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ይወልዳል፤ ያለ ዲበገር የሚታየው ስህተት በዲበገር ሲታይ የለም።

ስለዚህ ለቀስት ጉዳይ አሮጌው ዘዴ ይሻላል። እያንዳንዱን መግቢያ፣ መውጫና የቅርጽ ትእዛዝ ከነሰዓቱ ፋይል ላይ ጽፎ፣ ድርጊቱን ፈጽሞ፣ በኋላ ቁጭ ብሎ ማንበብ። ወይም በሁለተኛ ኮምፒውተር በኔትወርክ ገብቶ ማየት።

«ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ማውሱን ማወዛወዝ ያፈጥነዋል»

በዚህ ስንቱን ተጠቃሚ ስቀንበታል! ግን ግማሽ እውነት ነው። ኤክስ11 ላይ የቅርጽ ትእዛዝ ወዲያው አይላክም፤ ከሌሎች ጋር ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ፕሮግራመሩ «አሁን ላክ» ማለትን ረስቶ ፕሮግራሙ ለጥበቃ ከተኛ፣ ትእዛዙ ኪስ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ማውሱ ሲወዛወዝ ፕሮግራሙ ይነቃል፣ ኪሱን ያራግፋል፣ ስክሪኑም ይታደሳል። ተጠቃሚው ያየውን ነው የተናገረው። ፑቲጄን የተባለው የምስጢር ቁልፍ ማመንጫ ደግሞ ጭራሽ ማውሱን እንድናወዛውዝ በግልጽ ይለምናል፤ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ለማይገመት ቁጥር ስለሚጠቀምበት፣ ካላወዛወዝን ሥራው ፈቀቅ አይልም።

የዚህ ታናሽ ወንድም ቲኪንተር ላይ አለ። ከረጅም ሥራ በፊት ቅርጹን ወደ «ጠብቅ» ይለውጡታል፤ ምንም አይታይም፤ ሥራው ሲያልቅ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ትእዛዙ የሚፈጸመው ፕሮግራሙ ወደ መልእክት ማንበቡ ሲመለስ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ሥራውን ከመጀመር በፊት «ያለህን ፈጽም» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይበቃዋል።

«ደብቅ ያልኩትን ታይ ካልኩት ይታያል»

ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስን።

ዊንዶውስ ላይ ቀስትን መደበቅና ማሳየት እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቆጣሪ ነው። ከ0 ይጀምራል። ደብቅ ሲባል አንድ ይቀንሳል፣ አሳይ ሲባል አንድ ይጨምራል፤ ቀስቱ የሚታየው ቁጥሩ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የእድር ብርጭቆ ነው፤ ሁለት የወሰደ አንድ መልሶ «መልሻለሁ» ማለት አይችልም። ማክም ላይ መደበቅና ማሳየት እኩል መሆን አለበት። ኪዩት ላይ ለመላው ፕሮግራም የሚታዘዙ ቅርጾች እንደ እንጀራ ይደራረባሉ፤ የሚታየው የላይኛው ነው፤ ሁለቴ «ጠብቅ» ብሎ አንዴ ያነሳ ሰው ከሥር ሌላ «ጠብቅ» ያገኛል።

የእኔ ፕሮግራም መድኃኒት ሲፈለግ ቀስቱን ይደብቅ ነበር፤ ፍለጋው ሲያልቅ ያሳያል። መድኃኒቱ ከዝርዝሩ ውስጥ ከጠፋ ግን ኮዱ «አልተገኘም» ብሎ ከመሐል ይመለስና የማሳያዋን መስመር ይዘላታል። አንድ ያልተመዘገበ ባርኮድ ይበቃል። ቆጣሪው -1 ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሳካው ፍለጋ ሁሉ ወደ -2 ወርዶ ወደ -1 ይመለሳል። ጠዋት የሚሸጠው የተለመደው መድኃኒት ነው፤ ከሰዓት አንዱ እንግዳ ማዘዣ ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ፕሮግራሙም ይዘጋል፣ ቆጣሪውም ከዜሮ ይጀምራል፣ አዲሱ ማውስም ይመሰገናል።

ምልክቱ ፊቴ ላይ ነበር። «በግምት እየተጫንኩ ነው የሸጥኩት» ብለውኛል፤ ማውስ ከተበላሸ በግምትም አይጫንም። ቆጣሪው ደግሞ የሚደብቀው በራሱ ፕሮግራም መስኮት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቀስቱን ወደ ታችኛው የዊንዶውስ መስመር ቢወስዱት ብቅ ይል ነበር። እኔ ግን «ሠራተኛ ፌስቡክ እንዳይከፍት» ብዬ ፕሮግራሙን ሙሉ ስክሪን አድርጌዋለሁ፤ መስመሩ አይታይም።

የማሳያዋን መስመር ከሁሉም መውጫ በፊት እንድትፈጸም አድርጌ አንድ ሐሙስ ሄጄ ጫንኩላቸው። የሁለቱን ማውስ ዋጋ ልክፈል ብል እምቢ አሉኝ። ምክንያቱን ሳስረዳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «እሺ የኔ ልጅ» አሉ፤ ሦስተኛውን ማውስ ግን ከነካርቶኑ መልሰው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።